ሴትዮዋ ለምን ዞራ አላየችም

ቤዛ ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ልጄ ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች። የእንግሊዝኛ መምህሯ በዚህ ዓመት የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ እናነባለን ብሏቸዋል።

«እማዬ፣ ምን ይጠብቀኛል? በቃል መያዝ ነው?» አለችኝ።

ድርቆሽ እያሰጣሁ ነበር። እኔም በእሷ ዕድሜ፣ እዚሁ ወረታ፣ ያንኑ ትምህርት ተምሬአለሁ። በቃል መያዝ ከክፍሉ ሊያስወጣኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ያኔ ቤታችን ከወረታ ወደ ርብ ወንዝ በሚወስደው ሜዳ ላይ ነበር። አባቴ የደብራችን መሪጌታ ነበሩ፤ እንደ ጎረቤቶቻችን ሩዝም ያርሳሉ። እናቴ ካረፈች ቆይታ ነበር። እኔ ከተማ ውስጥ ከሌሎች የገጠር ልጆች ጋር ቤት ተከራይቼ፣ ዓርብ ዓርብ ለስንቅ እመለስ ነበር። በመስከረም የዚያ ሜዳ ጥቁር ጭቃ ጫማ ከእግር ይነጥቃል። በጥቅምት ደርቆ ይሰነጠቅና መንገዱ ይቀናል፤ ሩዙም ፍሬ ይይዛል። ፀሐይ ሲያርፍበት የሚሸተው ሽታ አሁንም ደስ ይለኛል።

መምህር ይርጋ የሚባሉ ወጣት መምህር ጥቂት ተማሪዎች መርጠው የአሜሪካ አጫጭር ታሪኮች ያስነብቡን ነበር። ከተመረጡት ውስጥ ከገጠር የመጣሁ ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። ቦታዬን የሚመኝ ብዙ ነበር፤ እኔም ልለቅ አልፈልግም። የመጀመሪያው ታሪክ በትልቅ ወንዝ ዳር ስለሚኖር ገበሬ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ሰውየው አባቱ የሠራውን ቤት ትቼ አልሄድም ይላል። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ በጀልባ ትወጣለች። ዞራም አታየውም። ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል።

እኔ ከአባቴ የተማርሁት የመማር መንገድ አንድ ነው። መጀመሪያ ቃሉን ትይዣለሽ፤ ትርጓሜውን ከመምህር አፍ ትቀበያለሽ፤ ከራስሽ አትጨምሪም። ስለዚህ ታሪኩን እንዳለ ያዝሁት። ስጠራ ተነሥቼ እጄን አጣምሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እስከ መጨረሻው አወረድሁት።

«ዳዊቱን ደገመች፤ ውዳሴ ማርያም ቀራት» አለ ሰሎሞን የሚባል የከተማ ልጅ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

መምህር ይርጋ አልሳቁም። «ቃሉን ይዘሻል። ሴትዮዋ ግን ለምን ዞራ አላየችም?» አሉኝ።

«እርስዎ ይንገሩንና እሱንም እይዘዋለሁ።»

ሳቁ ባሰ። «እኔ ከነገርሁሽ የእኔ ሐሳብ ነው» አሉ። «የራስሽን ሰኞ ይዘሽ ነይ። ካልሆነ ወደ ሌላው ክፍል ትመለሻለሽ።»

ዓርብ መንገዱን ሙሉ አሰብሁ። ምንም አልመጣልኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ሩዙ ዳር ተቀምጠው ነበር። ሰንበትን አጥብቀው የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ ወፍ ግን ሰንበት የለውም። ወንጭፋቸውን ቤት ትተው በእጃቸው እያጨበጨቡ ይከላከላሉ። ጾመ ጽጌን ስለምንጾም የሽንብራ ንፍሮ ይዤላቸው ሄድሁና ታሪኩን በአማርኛ ነገርኋቸው።

«ከብቶቹስ?» አሉኝ።

«ስለ ከብት አልተጻፈም፣ አባ።»

«ጎርፍ መጥቶ የከብት ነገር የማይነሣበት ምን ዓይነት አገር ነው?» ንፍሯቸውን ዘገኑ። «ደግሞስ ለምን ዞራ አላየችም?»

«መምህሩ አልነገሩንም። ትርጓሜው ሳይነገረኝ እንዴት ከራሴ ልጨምር?»

«ቅዱስ መጽሐፍ ነው?»

«አይደለም።»

«ቅዱስ መጽሐፍ ቢሆን አባቶች ያሉትን ትቀበያለሽ። ካልሆነ የሚያስፈራሽ ምንድን ነው?» ወፎቹን አጨብጭበው አባረሩ። «እኔን ከጠየቅሽኝ ልቧ ጨክኖ ነው። ሴት ስትቆርጥ እንዲያ ናት።»

«አይደለም፣ አባ» አልሁ።

ለአባቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር። አንዴ ከአፌ ወጥቷል፤ ስለዚህ ቀጠልሁ። «ልጆቹ ዓይን ዓይኗን ያዩ ነበር። እሷ ከዞረች እነሱም ይዞራሉ። ታንኳ ላይ የተነሣ ልጅ ደግሞ ውኃ ይወስደዋል።»

አባቴ ሩዙን ሩዙን እያዩ፣ «እናትሽም አልዞረችም» አሉ።

ያኔ ገባኝ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ርብ ሞልቶ ቤታችንን ውኃ ገብቶት ነበር። እናቴ እኛን ልጆቿን ይዛ በታንኳ ወጣች። አባቴ በሬዎቹን ይዘው ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉብታ ላይ ቀሩ። እዚያ ቆመው ሲያዩን ኖሯል።

«አባ፣ እናቴ እኮ እጃችንን ጨምድዳ ይዛ ‹ወደ ፊት እዩ፣ ወደ ፊት ብቻ እዩ› ትለን ነበር። እንባዋ አገጯ ድረስ ይወርድ ነበር።»

ወፎቹ ሩዙ ላይ ሰፈሩ፤ አባቴ አላጨበጨቡም። ማታ ስሸኝ ስንቄን ራሳቸው ተሸክመው እስከ ጥርጊያው መንገድ አደረሱኝ።

ሰኞ ተነሣሁ። ስለ እናቴ አልተናገርሁም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ ልጆቹ ተናገርሁ።

«እኔ አልስማማም» አሉ መምህር ይርጋ። «ቢያንስ አንድ ጊዜ ባየችው ነበር።»

እንዲህ ሲሉ ተማሪ ይቀመጣል። እኔ አልተቀመጥሁም። መጽሐፉን ገልጬ ልጆቹ ቀሚሷን ይዘው ፊቷን ያዩ እንደነበር የሚለውን ቦታ አነበብሁላቸው። ሰሎሞን ጀልባው የእንጨት ነው፣ እንደ ደንገል ታንኳ በቀላሉ አይገለበጥም ብሎ ተከራከረኝ። አንዲት ሌላ ልጅ ደግሞ እሱን ተቃወመችው። ደወል ተደውሎም ክርክሩ አላለቀም። የሌላውን ክፍል ነገር ከዚያ ወዲያ ያነሣብኝ የለም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ አባቴ ዓርብ ስመጣ ገና ውኃ ሳልጠጣ፣ «እነዚያ አሜሪካኖች ደግሞ ምን ሆኑ?» ይሉኝ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር።

ለቤዛ ይህን ሁሉ አልነገርኋትም። «መጽሐፉን ደጋግመሽ አንብቢ። የምትይውን ከየት እንዳገኘሽው ማሳየት ቻይ። መምህሩ አልስማማም ቢልሽ ቶሎ አትቀመጪ» አልኋት።

«አንቺስ ካልተስማማሽ?» አለችኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጃቸው «አይደለም» ስትላቸው ያልተቆጡ አባት ሰጥቶኝ ነበር። ያን ቀን ቢቆጡኝ ኖሮ እኔ ሰኞ ዝም እል ነበር፤ እሳቸውም የእናቴን እንባ ሳያውቁ ያርፉ ነበር።

«እኔንም እንደዚያው» አልኋት።