ከመርዶው በፊት የበላነው ፓስታ

ባለፈው ሳምንት የአማርኛ አስተማሪያችን ደብተሬን መለሱልኝና "አንቺ መጻፍ ትችያለሽ፤ ሰው ያንብብልሽ" አሉኝ። እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ተወልጄ ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ስለሆነ ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ምን ልጻፍ ብዬ ሳስብ ግን የመጣልኝ ደስ የሚል ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ 2021 የካቲት፣ አንድ ዓርብ ቀን ያደረግኩት ነው። ልክ ልሁን ልሳሳት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ትምህርቴን ከቤት በላፕቶፕ እየተከታተልኩ ሳለ እትዬ ሙሉ ኮል አደረጉኝ። የእማዬ የቅርብ ጓደኛ ናቸው፤ እኔ ጋ ደውለው አያውቁም።

"አያትሽ ናዝሬት አርፈዋል። እናትሽን ነገ በማለዳ መጥተን እናረዳታለን። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ። ስልኳን ያዥባት። ደሞ እራት አብያት፤ ነገ እህል አይወርድላትም።"

"ለምን አሁን አንነግራትም?" አልኳቸው።

"ብቻዋን ሆና እንድትሰማ ነው የምትፈልጊው?"

እማዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ግሮቭፖርት ያለ መጋዘን ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አመሻሽ ላይ ቤት ትገባለች። እኔ መሥራት የምችለው አንድ ምግብ ብቻ ነው፣ ፓስታ በበርበሬ። ዓርብ ጾም ስለሆነ ዘይትና ቲማቲም ይበቃዋል። ሽንኩርቱን አቁላላሁና ሁለት ሙሉ ማንኪያ በርበሬ ጨመርኩ። በርበሬ መስሎኝ ነው እንጂ ሚጥሚጣ ነበር። እማዬ ሁለቱንም በባዶ የኦቾሎኒ ቅቤ ዕቃ ነው የምታስቀምጠው፣ ምንም አትጽፍበትም።

ገና ከመግባቷ "ስልክሽን አፕዴት ላድርግልሽ" ብዬ ወሰድኩባት።

"እራት ሠርተሽ፣ ስልክ አፕዴት አድርገሽ... መኪናዬን ልትጠይቂኝ ነው?" አለች።

አንድ ጊዜ ጎረሰችና ሳል ያዛት። "ልትጨርሺኝ ነው እንዴ ልጄ?" ዓይኗ እንባ አቀረረ። ግን ርቧት ነበርና አላቆመችም። ውሃ እየጠጣች፣ እየሳቀች፣ "አባዬ ቢሆን ጨምሩልኝ ነበር የሚለው። እሁድ ስደውልለት እነግረዋለሁ" አለች።

ያኔ አልቻልኩም። እንባዬ ሳህኔ ላይ ወረደ። "አይዞሽ፣ ሚጥሚጣው ነው፤ ውሃ ጠጪ" ብላ ፊቴን በሶፍት ጠረገችልኝ።

በማግስቱ ገና በደንብ ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ሙሉና ሦስት ሰዎች ማስክ አድርገው ቆመዋል። ሌሎቹ ኮሮናውን ፈርተው ፓርኪንጉ ላይ መኪናቸው ውስጥ ቀርተዋል። እማዬ አየቻቸው። ማንም አፉን ሳይከፍት "ማን ነው?" አለች። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችውን መጻፍ አልችልም።

በሦስተኛው ቀን "ዓርብ ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ።"

"አባቴ ሞቶ እኔ ስስቅ አየሽኝ" አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ለብዙ ወራት እኛ ቤት ፓስታ አልተሠራም።

ትናንት ይሄን ጽሑፍ አነበብኩላት። "እሁድ ስደውልለት" ያለችው ጋ ስደርስ እጄን ያዘች። "ውሃ እንኳን አልወርድ ሲለኝ በእግሬ ያቆመኝ ያ እራት ነው" አለችኝ። እኔ ግን አሁንም ሳስበው ይከብደኛል። ሳቋ እስካሁን ይሰማኛል።

"ከጻፍሽ አይቀር ይሄንንም ጨምሪበት" አለችኝ። እሷ እንዳለችው አስተላልፋለሁ። በኮሮናው ጊዜ ሰው ሞቶባችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ ብቻችሁን ያለቀሳችሁ ካላችሁ፣ እኛ የምንኖረው እዚሁ ኮሎምበስ፣ ዋይትሆል ነው፤ ዓርብ ማታ ብቅ በሉ። ዘግይተንም ቢሆን ለቅሶ እንደርሳችኋለን፤ ከዚያ አብረን እንበላለን።