የየቤቱን የቧንቧ መክፈቻ በኪሱ ይዞ የሄደው ጋሽ ደምሴ

አሁንም አላመንኩም። ትናንት ጠዋት እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6 ሰፈር ሱቄ በር ላይ ቆሞ ያስመጣሁትን የውሃ ጎማ እያገላበጠ "ይሄ አንድ በጋ አይዘልቅም፣ ለሰው እንዳትሸጪው" ሲለኝ ነበር። ደንበኛ እየሰማ። ዛሬ ከሆስፒታል ደውለው ጋሽ ደምሴ አረፈ አሉኝ። ልቡ ነው አሉ።

ሐኪሙ በዚህ ሙቀት ፀሐይ ላይ አትዋል ብሎት ነበር። ስንቴ ለመንኩት። "እሺ" ይላል፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ይወጣል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል?

ለማታውቁት፣ ጋሽ ደምሴ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ወገቡ መሪውን እምቢ ሲለው እዚሁ ቀርቶ የየቪላውን ሣር መንከባከብ ያዘ። ደንበኞቹን ያገናኘሁት እኔ ነኝ። የውሃ ጎማና ማዳበሪያ የሚገዙኝ ሰዎች ሣራቸውን የሚያይላቸው ሲጠይቁኝ እሱን እልክላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። የሚደውሉት ሊያመሰግኑኝ አይደለም። "ሰውዬሽ ውሃ ከለከለን" ሊሉኝ ነው።

እዚህ ከተማ ሰው ሁሉ አመሻሽ ላይ ጎማ ይዞ ሣሩን ላይ ላዩን ያርሰዋል። አቧራው ይተኛል፣ ግቢው ይቀዘቅዛል፣ ደስ ይላል። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲያይ ያብድ ነበር። ውሃችን ጨው አለው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስታጠጡት ፀሐይዋ ውሃውን ወስዳ ጨውን ሣሩ ሥር ትታው ትሄዳለች። የሱ ሕግ ሌላ ነው። ሣሩን ስትረግጡት ቶሎ ካልተነሳ፣ የጫማችሁ ምልክት ከቀረ፣ ያን ጊዜ ጨውን ከሥሩ በታች አጥቦ እስኪያወርድ ድረስ ውሃውን በደንብ መልቀቅ። እስከዚያ ጠብታ የለም። "ተዉት፣ ይጠማ" ነው መልሱ። ለባለቤቱም ለዘበኛውም ያው ነው።

ይህን ተናግሮ ቢሄድ ጥሩ። ሰው አይሰማኝም ብሎ የቧንቧውን መክፈቻ ነቅሎ ኪሱ ይከተዋል።

ሁልጊዜም ልክ አልነበረም። አንድ ጊዜ ካምሲን የምንለው ትኩስ ነፋስ ሲነሳ ሕጌን አልለውጥም ብሎ የአንድ ደንበኛዬን ግቢ ግማሹን አደረቀው። ስጮህበት ነፋሱን ወቀሰ። ያ ደንበኛ ተመልሶ ሱቄን አልረገጠም።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የወርቅነሽን ነገር ነው።

ወርቅነሽ ጋሽ ደምሴ ሣሩን የሚንከባከብበት አንድ የፈረንጅ ቤት እዚያው እያደረች የምትሠራ ያገራችን ልጅ ናት። እመቤቷ ለእረፍት አገሯ ከርማ ስትመለስ ሣሩ ደብዝዞ ጠበቃት። እንግዶች ጠርታለች። ተኝተሽ ከረምሽ ብላ ወርቅነሽን ሻንጣሽን አዘጋጂ አለቻት። ከዚያ ቤት ከወጣች ደግሞ ልጅቷ ማደሪያም የመኖሪያ ፈቃድም የላትም። እያለቀሰች ደወለችልኝ። ቧንቧው መክፈቻ እንደሌለው ለማስረዳት ፈረንሳይኛዋ አልበቃትም።

ለጋሽ ደምሴ ደወልኩ። ወደቡ ጋ ዶራሌ ሌላ ሥራ ላይ ነው። የዚያ ቤት ሣር የሚጠጣው ነገ ስለሆነ ነገ እመጣለሁ አለኝ። ነገ ልጅቷ መንገድ ላይ ናት አልኩት። ታክሲ ይዤ በከባድ መኪኖቹ መሃል እየተጋፋሁ ሄጄ አመጣሁት። መንገዱን ሙሉ ስለ ጨው ሲነግረኝ መጣ።

እመቤቷ ፊት ቆሞ መክፈቻውን ከኪሱ አወጣና በዚያ በተሰባበረ ፈረንሳይኛው የልጅቷ ጥፋት አይደለም፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ አላት። ከዚያ ተንበርክኮ ከሣሩ ጥግ በቢላ ቆረሰ። ረጅም፣ ጤነኛ ሥር አሳያት። ነገ ጠግቦ ሲጠጣ ቀስ ብሎ ይመለሳል አላት።

ሴትዮዋ ሥሩን አየችው።

"ሙሲዬ ደምሴ፣ እንግዶቼ ሥር አያዩም" አለችው። "ሣሩ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ይጠጣል፣ አለዚያ ልጅቷም አንተም ትሄዳላችሁ።"

አለቀ አልኩ በልቤ። እኔ የማውቀው ጋሽ ደምሴ መክፈቻውን ኪሱ መልሶ የሚወጣ ሰው ነው። እሱ ግን ወደ ወጥ ቤቱ ዞር አለ። የወርቅነሽ ሻንጣ በሩ ላይ ቆሟል። ሄዶ ቧንቧውን ከፈተና መክፈቻውን ለእመቤቷ ሰጣት።

ወርቅነሽ ቤቷን አላጣችም። ሣሩ ለግብዣው ለመለመ፣ ከግብዣው በኋላ ጫፉ እየተቃጠለ ነጣ። ጨውን እስኪያወርድ ድረስ ስንት ጊዜ ተመላለሰ። ያን ሁሉ ጊዜ የሚሰድበው እኔን ነበር። "አንቺ ነጋዴ፣ በአንድ ታክሲ ስንት ሣር ፈጀሽ" ይለኛል። ለልጅቷ አንድ ቃል አልነገራትም። እሷም ሽማግሌው በማዳም ተሸነፈ እያለች ትስቅበት ነበር።

ዛሬ ልብሱን ሲያስረክቡኝ ኪሱ በመክፈቻ ተሞልቶ ነበር። የቱ የማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የሚደውለው ሁሉ ነፍስ ይማር ብሎ ሳይጨርስ መክፈቻዬስ ይላል። ሱቄ አለላችሁ። ዛሬ ግን ዝግ ነው። ለቅሶው እዚሁ ካርቲየ 6 ተከራይቶ በሚኖርበት ቤት ነው። አስከሬኑ አገር ቤት እንዲሄድ ከልጆቹ ጋር እየተነጋገርን ነው።

ወርቅነሽም ደውላ ነበር። የዚያን ቀን ሻንጣዋን አይቶ እንደተሸነፈ ነገርኳት።

"ለምን አልነገረኝም?" አለች።

ጋሽ ደምሴ፣ እኔ ምን ልበላት? ይሄንን መመለስ ያንተ ሥራ ነበር፣ እንደ ልማድህ ለኔ ጥለኸው ሄድክ። አኩርፌሃለሁ። ቢሆንም ዛሬ ለቅሶህ ላይ የምትቀመጠው ከጎኔ ነው፣ የማውቀውን ያህል እነግራታለሁ። አንተ ደክሞሃል፣ ጥላ ውስጥ እረፍ። ደህና ሁን ጋሼ።