የጋሼ ወርቅነህ የዓርብ ማንኪያ

ካዛንቺስ ውስጥ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ዘርግተው ሀብታሙንም ድሃውንም እኩል ሲያስተናግዱ የኖሩት ጋሼ ወርቅነህ ባለፈው ማክሰኞ ዐርፈው ረቡዕ በቂርቆስ ተቀብረዋል። «ዛሬ የት እንብላ?» ሲባል ስማቸው ቀድሞ የሚነሣ ሰው ነበሩና ቀባሪው ብዙ ነበር። ከቀባሪው መካከል ግን «ለጣልያን ብሎ ጾም የገደፈ» የሚለውን የቆየ ሐሜት የሚያስታውስ አልጠፋም። በዚያች ቀን አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ዘሃራ ነኝ። እሳቸው በሕይወት እያሉ ለማንም እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር። እንግዲህ መሐላዬ አብቅቷልና ሁላችሁም ስሙኝ።

ጣልያን ከተማውን በያዘበት ዘመን ካዛንቺስ ውስጥ አንዲት ፈረንሳዊት የምታስተዳድረው ምግብ ቤት ነበር። ማዳም ነበር የምንላት። እንደ እሷ ቤት ያለ ማዕድ በከተማው የለም ይባል ነበር፤ ሀበሻ ግን በፊት ለፊቱ በር አይገባም። በገዛ አገራችን ከነጭ ጋር አንድ አዳራሽ ተቀምጦ መብላት ተከልክሏል። እኛ በጓሮ ገብተን እናበስላለን፣ በጓሮ እንወጣለን። ጋሼ ወርቅነህ ዋናው አብሳይ ነበሩ። የፈረንሳዩን አሠራር ከጦርነቱ በፊት ከማዳም ተምረው እሷኑ በልጠዋታል፤ ይህን እሷም አትክድም። እኔ ደግሞ ባሌ የሞተብኝ፣ አትክልት የምከትፍና ሾርባ የማበስል ሴት ነበርኩ።

ዓርብ ዓርብ ተመጋቢዎቹ ጣልያኖችም በሃይማኖታቸው ሥጋ ስለማይበሉ ዓሣ ይሠራ ነበር። ከላዩ የሚፈሰው በቅቤ፣ በእንቁላል አስኳልና በሎሚ የሚመታ ሶስ ነው። ጋሼ ጾመኛ ናቸው፣ አይቀምሱም። ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ። «እግዜር አፍንጫ የሰጠን ለዓርብ ነው» ይላሉ። ጨውን ግን አፍንጫ አይለየውምና «ዘሃራ፣ ነይ እስቲ ምላሴ» ብለው ይጠሩኛል። እኔ እቀምሳለሁ፣ እሳቸው ያስተካክላሉ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ የኔን ሾርባ እሳቸው ይቀምሱልኛል። ለማፍጠሪያዬም በትንሽ ሳሕን ቴምር ያስቀምጡልኝ ነበር። ከወንድም በላይ ነበሩ።

አንድ ዓመት ረመዳን ገብቶ የመጀመሪያው ዓርብ ደረሰ። ሁለታችንም ቀኑን ልብ አላልነውም። ምሳ ሰዓት ላይ ሶሱ ሲያልቅ ጋሼ እንደ ልማዳቸው «ነይ ምላሴ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጾም ነኝ እኮ!»

ተያየንና ሣቅን። «በቃ፣ ዛሬ በግምት ነው» ብለው ጨው ቆንጠር አድርገው ጣል አደረጉበት።

ሣቃችን ሳያልቅ አንድ የጣልያን ሹም ማዳምን አስከትሎ ወጥ ቤት ገባ። ያን ሰሞን ጣልያኖቹ መርዝ ፈርተዋል ይባል ነበር።

«ወርቅነህ፣ አንተ መጀመሪያ ብላ» አለች ማዳም በተሰባበረው አማርኛዋ። «እሱ መርዝ ፈራ።»

«ዓርብ ነው ማዳም። ታውቂ የለም?»

ይህንኑ ለሹሙ በቋንቋው ነገረችው። ሰውየው ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። እኔም ጾም ነኝ አልኩ። ይህን ስትነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ያበሰሉትን አንቀምስም ሲሉ ማን ያምናል? ሽጉጡን መዘዘ። አፍ ውስጥ ይዞ መትፋትም አይሆንም፣ ከሁለት አንዳችን መዋጥ አለብን አለ።

ልቀምስ ማንኪያውን አነሣሁ። ጋሼ ወርቅነህ ከእጄ ወሰዱት።

«ተይው ልጄ፣ ጾምሽን ያዢ። እኔ ንስሐ አባቴ ቅርብ ናቸው።»

ሞልተው ጨልፈው ዋጡ። ሰውየው ይወድቃሉ ብሎ ያያቸዋል። ጋሼ ግን ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉና «ጨው ይጎድለዋል» አሉ። ሽጉጡ ደረታቸው ላይ ተደግኖ እያለ ወደ ጨው ዕቃው ዞሩ፣ ቆንጥረው ጨመሩ፣ አማሰሉ። «አሁን መውሰድ ይቻላል» አሉ። ማዳም ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ወጣች። ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አላወቅሁም።

አንድ አስተናጋጅ በበሩ ቀዳዳ ያየው ማንኪያዋ ወደ ጋሼ አፍ ስትገባ ብቻ ነበር፤ ሽጉጡን አላየም። ያየውን ይዞ ወጣ። በሳምንቱ ወሬው ቂርቆስ ደረሰ፤ የማኅበር ጓደኞቻቸው እንኳን ሰላምታ ነፈጓቸው። «ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው» ብዬ ተነሣሁ።

«የገደፍኩት እኔ ነኝ፣ ንስሐም ገብቻለሁ» አሉኝ። «በዘሃራ ምክንያት ነው ብዬ ጥፋቴን ባንቺ ላይ አልጭንም።» ከዚያ አስማሉኝ። በዚህ ነገር ዛሬም ከእሳቸው ጋር አልስማማም። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያማቸው እየሰማሁ ዝም ማለት አንጀቴን አሳርሮኛል።

ጣልያን ከወጣ በኋላ እዚያው ካዛንቺስ የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። የቄራ ሥጋ ሻጭ ከመሥሪያ ቤት ሹም ጎን ተቀምጦ ያንኑ ዓሣ በላ። ለምዶበት በጓሮ የሚመጣ ሰው ሲያዩ «ዙር፣ በፊት ለፊት ግባ! እዚህ ቤት የጓሮ እንግዳ የለም» ይሉ ነበር። ዓርብ ዓርብም እስካረጁ ድረስ «ነይ ምላሴ» ብለው ከማስጠራት አልቦዘኑም።

ሠልስታቸው ዓርብ ዋለ። ድንኳኑ ጀርባ የምስር ወጡን የሚሠሩት ሴቶች ቅዳሴ እስኪወጣ አይቀምሱምና እኔን ጠሩኝ። ቀመስኩ። «ጨው ይጎድለዋል» ካልኩ በኋላ ግን ዕንባዬን መያዝ አቃተኝ። እዚያው ድስቱ አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከሴቶቹ አንዷ፣ በዕድሜ የገፉት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «እኔም እኮ አምቼዋለሁ» አሉና አለቀሱ።

ጋሼ፣ ተናገርሽ ብለው አይቆጡኝ፤ ቃሌን እስከ ዕለተ ሞትዎ ጠብቄያለሁ። ያን ዕለት የኔን ጾም አትርፈው የራስዎን ስም ሰጡ። እኔም ይኸው ስምዎን በሰው ፊት መለስኩልዎ። ፈጣሪ በፊት ለፊቱ በር ያስገባዎ። ስለ ድስቱ አያስቡ ጋሼ፤ ጨው ጨምሬበት፣ ደግሜ ቀምሼልዎታለሁ፤ አሁን ልክ ነው።