ከፈቃዱ የቀደመ ደቦ

ደባርቅ ላይ በረንዳ ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልጋል ቢሉኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። የራሴ ቤት፣ የራሴ ግቢ! ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ስጠይቅ ግን ነገሩ የምር ነው። የይዞታ ካርታና ንድፍ ይቀርባል፤ ባለሙያ መጥቶ ይለካል፤ ከመንገዱ በኩል የሚተወው ባዶ ቦታ አይነካም። ያለ ፈቃድ የጀመረ ይፈርስበታል። ተናደድሁ፤ ግን በረንዳው ለአባቴ ነውና ማመልከቻዬን አስገባሁ።

አባቴ ጊች በምትባል የገጠር መንደር ዕድሜ ልካቸውን ያገለገሉ ቄስ ናቸው። ጉልበታቸው እንቢ ሲላቸው እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። እዚያ ሳሉ መስቀላቸውን ሳይሳለም፣ ወሬ ሳይነግራቸው የሚያልፍ መንገደኛ አልነበረም። እኔ ቤት ግን ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ያያሉ። ከሰው ጋር ማውራት እየተዉ ሲሄዱ ፈራሁ። ወደ መንገዱ የሚያይ በረንዳ ቢኖራቸው ሰው ያገኛሉ ብዬ ቆረጥሁ።

ባለሙያዋ ሰኞ ጠዋት መጥታ እንደምትለካ ሲነገረኝ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ እየሮጥሁ ለአባቴ ነገርኋቸው። እሳቸውም መያዝ አቅቷቸው ቅዳሜ ገበያ ለወጡት የጊች ዘመዶቻችን "ሰኞ በረንዳ ልንሠራ ነው" አሏቸው። እንዲህ የተባለ የጊች ሰው ምን እንደሚያደርግ መቼም የታወቀ ነው። ሰኞ ገና በደንብ ሳይነጋ ደጃፌ በሰው ተሞላ። ዶማው፣ አካፋው፣ በበቅሎ የተጫነው ባሕር ዛፍ ሁሉ መጥቷል።

መምጣታቸው ልቤን ሞላው፤ ወዲያው ደግሞ ተጨነቅሁ። ደቦ "ተመለሱ" አይባልም፤ ከቆፈሩ ደግሞ ፈቃዱ ቀረ። አጎቶቼ ገመድ ዘርግተው ማስመር ጀምረዋል። ወደ አባቴ ጠጋ ብዬ "አባ፣ ባለሙያዋ ሳትመጣ አፈር ከተነካ አለቀልን" አልኋቸው።

"ወንበር አውጪልኝ" አሉ። ግቢው መካከል ተቀመጡና መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። "መሬቱ ሳይባረክ ዶማ አይነሣም። ቁሙ።"

ሰዉ ጋቢውን አስተካክሎ ቆመ። አባታችን ሆይ ብለው ያሳርጋሉ ስንል ዳዊቱን ከመጀመሪያው መድገም ያዙ፤ በቃላቸው፣ ረጋ ብለው። ፀሐይ ወጣች፣ አሁንም አልጨረሱም። አንዱ አጎቴ ዶማውን ተደግፎ "አንቺ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ የምንሠራው?" አለኝ በሹክሹክታ። እኔ የግቢውን በር እያየሁ ሳቄን አፍናለሁ። እንደዚያ ጠዋት ፍርሃትና ደስታ ተቀላቅሎብኝ አያውቅም።

ባለሙያዋ ሜትሯን ይዛ ስትገባ ያን ሁሉ ሰው አይታ ደነገጠች። "ጀመራችሁት እንዴ?"

"የለም ልጄ፤ አንቺ እስክትመጪ እየጸለይን ነው" አሏት አባቴ። ውሸትም አልነበረም።

ለካች። አጎቶቼ የዘረጉት ገመድ መተው ካለበት ቦታ ላይ ገብቶ ነበር፤ ተቆፍሮ ቢሆን ኖሮ መፍረሱ አይቀርም። ገመዱን ወደ ቤቱ ሳበችው። "ይጠብባችኋል፤ ወንበር ግን ያስቀምጣል። አጥሩን ዝቅ ብታደርጉት ደግሞ መንገዱ ለአባትሽ ይታያቸዋል" አለች። ደቦውን እያበላን ጠበቅን። ከሰዓት በኋላ ፈቃዱ ተፈርሞ እጄ ገባ፤ ያኔ ዶማው ተነሣ።

በረንዳው ያለቀ ሰሞን አንድ ቀን ምሳ አቅርቤ "አባ፣ ይግቡ" አልኋቸው። አልገቡም። ደግሜ ጠራኋቸው፤ አሁንም መልስ የለም። አንድ ነገር ሆነው ይሆን ብዬ ሮጬ ወጣሁ። ከአጥሩ ማዶ የማላውቀው ነጋዴ ቆሞ የገብስ ዋጋ እያወራቸው ነው። አባቴ ዞር ሳይሉ እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

"ቆዪኝማ፣ ሰው ይዣለሁ" አሉ።