የሽንፋ ወንዝ ክላክስ

ስርጉት ፈሪ ናት። ይህን የምለው ልሰድባት አይደለም፤ ብትሰማኝም «እውነትሽን ነው እትየ ሀብትነሽ» ነው የምትለኝ። ገንዳ ውሃ ከተማ ባለው ኮሌጅ የኤሌክትሪክ መምህርት ናት። ሽቦ ስትነካካ እጇ አይንቀጠቀጥም። ወንዝ ዳር ስትደርስ ግን ፊቷ አመድ ይሆናል። ልጅ ሳለች አባቷን የሽንፋ ወንዝ ከነአህያው ወስዶባታል። ያን ቀን እዚህ ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ዝናቡ የጣለው ደጋ ላይ ነው። ወንዛችን እንዲህ ነው፣ ሳያስታውቅ ይመጣል። ዱሮ ቢያንስ የሚመጣበት ወር ይታወቅ ነበር፤ አሁን ዘመኑ ተበላሽቶ ወሩም ጠፋብን።

እኔ ወንዙ ዳር ባለው የሰሊጥ እርሻ ለቀን ሠራተኞች ምግብ አበስላለሁ። ከውጭ የመጣ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲተከልልን አይቻለሁ። አንድ ክረምት ሠራና ዝም አለ። መለዋወጫው አገር ውስጥ የለም፣ የሚጠግነውም ሰው ባሕር ማዶ ነው ተባለ። ወፍ ጎጆ ሠራችበት፣ በቃ!

ስርጉት ግን እንቅልፍ አጣች። «እኛው ካልሠራነው ማን ይመጣልናል?» ብላ ተነሣች። አቤት የደከመችው ድካም! ስለ ዝናቡ የሚያውቁት አንድ ቢሮ፣ ስለ ወንዙ የሚያውቁት ሌላ ቢሮ፣ ገንዘቡ ያለው ደግሞ ሌላ ቢሮ። እርስ በርስ ሰላምታ እንኳ የላቸውም። እሷ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትመላለስ ጫማዋ አለቀ። በመጨረሻ ተማሪዎቿን ይዛ ከቢጫ ጀሪካን፣ ከቧንቧ፣ ከሶላርና ከስልክ ካርድ አንድ ነገር ሠራች። ላይ ወንዙ ሲሞላ ጀሪካኑ ይነሣል፤ ያን ጊዜ በስልክ ካርዱ ምልክት ይልካል፣ ታች እኛ መሻገሪያ ላይ ያለው ይጮኻል። የሚጮኸውን ገበያ ፈልጋ ስታጣ የከባድ መኪና ክላክስ ገዝታ ምሰሶ ላይ ሰቀለች። ግንቦት ላይ ሲሞከር ሹማምንቱ መጥተው አጨበጨቡ፤ እኔም እልል ብያለሁ። የቀን ሠራተኞቹ ግን ገና ከደጋ አልወረዱም ነበር። ለእነሱ መንገር ለማንም ትዝ አላለውም።

በዚያው ክረምት ታናሽ ወንድሜ ዘሩ ከደብረ ታቦር ለአረም ወረደ። ቀጭን፣ ሯጭ፣ ሆዳም። «እህቴ፣ ሽሮሽ ቀጠነ» እያለ ያበሽቀኛል፤ እኔም በማማሰያ አባርረዋለሁ። አረሙ ከወንዙ ማዶ ነው፣ ምሳው ከእኔ ዘንድ። ሁልጊዜ ምሳ ሲደርስ ትራክተሩ መሻገሪያው ላይ ወርዶ ክላክስ ያደርጋል። እነሱም መኮትኮቻቸውን ተሸክመው ቁልቁል ይሮጣሉ፤ ቀድሞ የደረሰ ተሳቢው ላይ ይወጣል፣ የቀረ በእግሩ ውሃ ውስጥ ይንቦጫረቃል። ዘሩን የሚቀድመው አልነበረም።

ያን ቀን ስርጉት ባትሪ ልታይ መጥታ ምሰሶው ሥር ቆማለች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። እኔ ሽሮ እያማሰልኩ ሳለሁ ክላክሱ ጮኸ። ስርጉት ወደ እኔ ዞራ፣ «እትየ፣ ሠራ! ውሃ እየመጣ ነው፣ ግን ሠራ!» አለችኝ። ፍርሃትና ደስታ አንድ ላይ ፊቷ ላይ አየሁ።

ከዚያ ማዶውን አየን። ሠራተኞቹ እየሳቁ፣ እየተገፋፉ፣ ወደ ወንዙ እየሮጡ ነው። ዘሩ ከፊት።

«እትየ... ምሳ መስሏቸዋል! እየጠራኋቸው ነው!» ብላ ጮኸች። እሷ ሽቦውን ይዛ በጠሰችው። ክላክሱ ዝም አለ። ወይ ጉድ! ዝም ሲል ደግሞ ትራክተሩ ጥሎን ሊሄድ ነው ብለው ባሰባቸው፤ የበለጠ ሮጡ። ከላይ በኩል የውሃው ድምፅ መሰማት ጀምሯል። ኡኡ ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ኡኡታ የሰማ ሰው ሊደርስልህ ይሮጣል እንጂ መች ይመለሳል? ስሙን ብቻ ጠራሁ፤ «ዘሩ ተመለስ! ውሃ ነው! ተመለስ!» ጉሮሮዬ እስኪደማ።

የእርሻው ዘብ ሸጋው ጠመንጃውን አውርዶ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ደገመ። ሽፍታ መጣ ብለው ሠራተኞቹ እንዳሉ ዞረው ሽቅብ ማዶ ወዳለው የማሽላ ማሳ ገቡ። እሰይ! በዚህ አገር ሰውን ከወንዝ የመለሰው የጥይት ፍርሃት ሆነ።

ዘሩ ግን ወንዙ መሀል ገብቶ ነበር። ውሃው ጉልበቱ ድረስ ነው። ተኩሱን ሲሰማ ቆመና ምን ላድርግ እንደሚል ሰው እኔን አየኝ። ከዚያ ውሃው ግንዱን ሁሉ ይዞ መጣ።

ስርጉት ለቅሶ ስትመጣ አባረርኳት። «አባትሽን የበላው ወንዝ ወንድሜን እንዲበላ አንቺ ጠራሽለት!» አልኳት። በር ላይ መሬት ተቀመጠች፤ በማግስቱም መጣች፣ በሣልስቱም። አንድ ቀን የውሃ ማሰሮውን ከእጄ ተቀብላ ገባች፤ እኔም አላስወጣኋትም።

ሠራተኞቹ ሊበተኑ ሲሉ በየዳሱ ዞራ፣ «ምን ብትሰሙ ነው ከወንዝ የምትሸሹት?» እያለች ጠየቀች። አንዱ ጥይት አላት። እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ «ሰው ዘመኑን ሁሉ ከጥይት ሲሸሽ ነው የኖረው፤ እኔ ደግሞ አልጨምርበትም» አለች። ሌላው፣ «የሀብትነሽን ቁጣ ሁላችንም እናውቀዋለን» ብሎ አሳቃቸው። ስርጉት ግን አልሳቀችም። ስልኳን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ዓይኔን ማየት ፈርታለች። «እትየ፣ ያን ቀን እንደጮኽሽው ጩኺልኝ» አለችኝ።

ልመታት ነበር። ግን ጮኽኩ። ስልኳ ላይ ከቀዳችው ስሙን ልትቆርጠው ስትል፣ «ተይው፣ ስሙ ካልወጣ ድምፄም አይወጣም» አልኳት።

በክላክሱ ፋንታ ያን ጩኸት ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። አሁን በሌሎች ወንዞች ላይም፣ በየአገሩ ሰው ድምፅ፣ ሊሰቀል ነው ይላሉ። ስርጉት ተማሪዎቿን ከሠራተኞቹ ጋር ሳያድሩ ሽቦ አታስነካቸውም። ዛሬም ወንዝ ዳር ስትቆም ትንቀጠቀጣለች፤ እኔም ደመና ባየሁ ቁጥር ማማሰያው ከእጄ ይወድቃል።

አምና ክረምት ጮኸ። ማዶ ያሉት ሁሉ ሽቅብ ሮጡ፤ አንድም ሰው አልጎደለም። ውሃው ጎድሎ ሲሻገሩ ከወሎ የመጣ አንድ አዲስ ሠራተኛ ሳህኑን እየተቀበለኝ፣ «እማማ፣ ይሄ ዘሩ የሚባለው ማነው? ሰምቶ ተመለሰ?» አለኝ።

«አንተ ተመልሰሃል፤ ቁጭ በልና ብላ» አልኩት።