የፐርሶኔሏ ፋኢዛ ለቅሶ ስትደርስ

«ቦርከና ሲሞላ ማን ያሻግረኛል...»

ሁለተኛው ስንኝ ጠፍቷታል። ፋኢዛ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ መስኮቱን ተደግፋ ይቺኑ አንዷን መስመር ታንጎራጉራለች። እናቷ ጥጥ ሲፈትሉ የሚሏት ነበረች። ከሐረጎ ተራራ አናት የሚወርደው ጉም መንገዱን እየሸፈነ መጣ፤ ዛሬ እሷን ፍለጋ የሚመጣ መሰላት።

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከገባች ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ክፍሏ ያኔ ፐርሶኔል ይባል ነበር። በሩ ላይ «የሰው ሀብት» የሚል ሰሌዳ ከተለጠፈ ቢቆይም ሠራተኛው ዛሬም የሚያውቃት «የፐርሶኔሏ ፋኢዛ» ብሎ ነው። ሠራተኛ ሰው ሲሞትበት ከፋብሪካው ቀድማ የምትደርሰው እሷ ነበረች። የፈረቃውን ግማሽ ለቅሶ ትሰዳለች፤ የቀሩት የሄዱትን ማሽን ደርበው ይይዛሉ፤ በማግስቱ ይቀያየራሉ። በየትኛውም ደንብ ያልተጻፈ አሠራር ነበር፤ ግን በለቅሶ የተነሳ ማሽን ቆሞ አያውቅም።

ካቻምና በሩ ላይ የጣት አሻራ መሣሪያ ተተከለ። የሐዘን ፈቃድም ለሥጋ ዘመድ ብቻ ሆነ።

ዛሬ ጠዋት አለቃዋ ሉቃስ ጠራት። በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው።

«እትዬ ፋኢዛ፣ አሥራ አንድ ሸማኔ በአንድ ቀን ሆዱን ቁርጠት ያዘው? ሁሉም አሞናል ብለው ነው የደወሉት።»

«የዘሀራ አባት ትናንት ተቀብረዋል። የአንድ ፈረቃ ልጆች ናቸው፤ እሷን ትተው የት ይሄዳሉ?»

«ታዲያ ዋሽተዋል ማለት ነው። እርስዎ ለቅሶ መድረስዎ አይቀርም። እዚያ የተቀመጡትን ስማቸውን በስልክ ይላኩልኝ፤ እስከ ሰባት ሰዓት። የቅጣት ደብዳቤያቸው ተዘጋጅቷል፤ ማን በእርግጥ ታሞ ማን ለቅሶ እንደተቀመጠ ማረጋገጥ ብቻ ነው የቀረው።»

«እኔ ለቅሶ ቤት ስም ልልቀም?»

«ሥራችን ተቀይሯል እትዬ። ድሮ የምንይዘው ሰው ነበር፤ አሁን መረጃ ነው።» ከዚያ በሩን አይቶ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «የእርስዎም ፋይል ከላይ ተጠይቋል። እኔ አልነገርኩዎትም።»

ለጡረታዋ አራት ዓመት ቀርቷታል።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስትደርስ የለቅሶውን ድንኳን ከሩቅ አየችው። ውስጥ የሞቀ ወሬ ነበር። እሷ ብቅ ስትል ተቋረጠ። ሸማኔዎቹ በአንድ ጥግ ተደርድረዋል፤ አንዱ ኮፍያውን ግንባሩ ላይ ሳበ፣ ሌላዋ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ድሮ ስትገባ ቦታ ለመልቀቅ የሚሽቀዳደሙ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹን ሥራ ያስገባቻቸው፣ ከተጣሉት አለቃ ጋር ያስታረቀቻቸው እሷ ነበረች።

የጠፋው ስንኝ ያን ጊዜ መጣላት።

«ያሻገርኩት ሁሉ ከማዶ ያየኛል።»

ምነው ባልመጣሁ አለች በልቧ።

ዘሀራ ተነስታ አቀፈቻት። «አላህ ያጽናሽ፣ አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አለቻት ፋኢዛ፤ ልጅቷ ግን ትከሻዋ ላይ እያለቀሰች በጆሮዋ «እትዬ፣ በአላህ፣ እነሱን አይንኩብኝ» አለቻት። ለአባቷ ማልቀሱን ትታ ለጓደኞቿ የምትለምን ሐዘንተኛ ፋኢዛ አይታ አታውቅም። አልተቀመጠችም።

«እትዬ ፋኢዛ!» አለች ፀሐይነሽ ከጥግ፤ በምላሷ ፈረቃው ሁሉ የሚፈራት ሸማኔ ናት። «ዛሬ ለማልቀስ ነው የመጡት ለመቁጠር? ለመቁጠር ከሆነ እኔን ሁለት አድርገው ይያዙኝ፤ ወፍሬያለሁ።»

አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ቃጣውና ተወው።

ምሳ ቀረበ። ጎረቤት ያዋጣው ነው፤ ለእስላሙ የሥጋ ወጥ፣ ለክርስቲያኑ ምስር በሌላ ትሪ። የዘሀራ እናት በምርኩዝ እየተደገፉ ወደ እሷ መጡ። «የኔ ልጅ፣ ቁጭ በይና ቅመሺ እንጂ። ለሟቹ ዱዓ ነው።»

«እሺ እማማ፣ እቀምሳለሁ። መጀመሪያ አንዲት ነገር ልጨርስ።»

ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ግን ከእነዚህ ሰዎች ጋር ቆርሳ፣ በዚያው እጇ ስማቸውን ልትጽፍ? ከድንኳኑ ወጣች። ስልኳን ስታወጣ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዳየ ታውቃለች። ለሰባት ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀራል። ጉሙ እስከ አጥሩ ወርዷል፤ ጣቷ ቀዝቅዞ ፊደል ይስትባታል። ባትልክም እንኳ ነገ ሉቃስ ሌላ ሰው ይልካል፣ ወይ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አራቱን ዓመት አሰበች። የልጇን የኮሌጅ ክፍያም አሰበች። ጻፈች፣ አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች።

«ለቅሶ ደርሻለሁ። ከዚህ የምጽፈው ስም አንድ ብቻ ነው፦ ፋኢዛ በሽር፣ የሰው ሀብት ክፍል። ከምሳ በኋላም አልመለስም።»

ላከችው።

ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። በቀጥታ ወደ ጥጉ ሄደች። «ፀሐይነሽ፣ ከወፈርሽ ጠጋ በይ፤ ሁለት ሰው አክለሽ የኔንም ቦታ ይዘሻል።»

ፀሐይነሽ ስልኩን አየች፣ ፊቷን አየች። «ስንታችንን ላኩ?»

«አንድ።»

«ማንን?»

 ስልኩ በፋኢዛ እጅ ላይ መጮህ ጀመረ፤ የሉቃስ ስም በራ። በፊቱ ደፍታ ምንጣፉ ላይ አኖረችው፤ እዚያም ሆኖ እንደ ታሰረ ጢንዚዛ ይነዝራል። ፀሐይነሽ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል ማስታጠቢያውን አንስታ ውሃ አፈሰሰችላት። ስልኩ ዝም አለ፤ እንደገና ጀመረ።

ፋኢዛ «ቢስሚላህ» ብላ ተቀመጠች፤ ከፀሐይነሽ ትሪ፣ ከምስሩ ቆርሳ ጎረሰች።