ጦም ይዛለች እንጂ ጦም አላደረችም

የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ስለሞተ ሰው የፈለጉትን ይናገራሉ። ታላቅ ወንድሜን «መሬቱን ጦም ያሳደረ ገበሬ» ብለውታል። ቢሮ ውስጥ ብለውታል። አሁን ሰፈራችን ታክሲ መያዣው ጋ ሳይቀር እንደ ቀልድ ይባላል። እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ሰው ነኝ። ስናደድ ደግሞ አፌ ይተሳሰራል። ቢሆንም ነገሩ እንዴት እንደነበረ እጽፈዋለሁ።

ቤታችን ከሰበታ ወጣ ብሎ፣ ወደ ፉሪ በኩል ነው። ድሮ ዙሪያው ሁሉ ጤፍና ስንዴ ነበር ይላሉ። አሁን በአንድ ወገን የፋብሪካ አጥር፣ በሌላው ወገን ያላለቁ ቤቶች፣ መሃል ላይ እኛ ነን። ከማሳችን በታች ወንዝ አለ። ላይኛው ከተማ የጣለው ሁሉ በእኛ በኩል ያልፋል፤ የውሃ ፕላስቲክ፣ ፌስታል፣ አንድ እግር ጫማ። ክረምት ሲሆን ወንዙ አፈራችንን ይወስድና በምትኩ ፌስታል ይሰጠናል። ወንድሜ ወንዙን «ልዋጭ» ይለው ነበር፤ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳህን እንደሚሰጠው ዟሪ ነጋዴ። ዝናቡ ሲከብድ በር ላይ ቆሞ «ልዋጩ መጣ! አፈር ያላችሁ አውጡ!» እያለ ይጮሃል። እናታችን «ዝም በል፣ ጎረቤት ይሰማል» ትለዋለች። እሷም ትስቃለች።

አባታችን ከሞተ በኋላ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ በሬ ነበረው። በአንድ በሬ አይታረስም። ጎረቤታችን ሽማግሌው ደግሞ እንደዚሁ አንድ በሬ አላቸው። ስለዚህ ሁለቱን አቀናጅተው፣ አንዴ የኛን አንዴ የሳቸውን ማሳ ያርሱ ነበር። መቀናጆ የሚባለው ነው።

ከሁለት ክረምት በፊት የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች መጡ። ገበሬውን ሰብስበው ሁለት ነገር ነገሩት። አንደኛው፣ ወንዙ ዳር ያለውን መሬት እስከ ውሃው አፍ አትረሱ፤ ሣርና ዛፍ ትከሉበት፤ ለምታጡት ምርት መንግሥት በየዓመቱ ይከፍላችኋል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በወንዙ የሚመጣውን ፕላስቲክ የሚሰበስቡ ወጣቶች በማኅበር ይደራጃሉ፣ ማጠራቀሚያ ቦታ ይፈለግላቸዋል፣ ፕላስቲኩም ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል የሚል ነው። ሁለቱም ጥሩ ሐሳብ ነው። በሐሳቡ ጸብ የለኝም። ጸቤ ሌላ ነው።

ወንድሜ አመነ። ሌሎቹ «እስኪ የሚከፈለውን እንይ» ብለው ማረሳቸውን ቀጠሉ። እሱ ግን የወንዙን ዳር ተወ። እሷ ከማሳችን ሁሉ ጥቁሯ፣ ወፍራሟ መሬት ነበረች። ዝሆኔ ሣር ተከልንባት። ውሃው ጥግ ላይ የአኻያ ዘንግ ሰካን፤ አኻያ እርጥበት ካገኘ ተቆርጦም ይበቅላል። ክረምት ሲመጣ ሣሩ አፈሩን ያዘ። ፌስታሉንና ፕላስቲኩንም ያዘ። ወንድሜ ለቅሞ ከደረቀ በኋላ በጆንያ ያከማቻል፤ ቆራሌው ሲመጣ ይወስደዋል። እንግዲህ ሁለቱንም የመንግሥት ሐሳብ ቢሮ ሳይከፈት፣ ማኅበር ሳይቋቋም፣ አንድ ገበሬ ጓሮው ውስጥ ፈጽሞት ነበር ማለት ነው። ይህን ማንም አላየለትም።

አሁን ወደ ስብሰባው ልምጣ። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ነው።

ያለፈው ዓመት ሁዳዴ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን። እኛ አካባቢ ስብሰባ በኦሮምኛ ነው፤ ያን ቀን ግን እንግዶቹ እንዲሰሙ በአማርኛ ሆነ። ከአካባቢ ጥበቃ ቢሮ የመጣችው ባለሙያ ወጣት ሴት ናት፤ ማሳ ድረስ ወርዳ የምታይ፣ ጫማዋ ጭቃ የሚያውቅ። ወንድሜን «የወንዝ ዳሯ መሬት እንዴት ናት?» ብላ ጠየቀችው።

ወንድሜ ተነሣ። ሰው ፊት ሲቆም መቀለድ ይወድድ ነበር።

«ደኅና ናት እህቴ። እኛ ሁዳዴ እንደያዝን እሷም ጦም ይዛለች። ማረሻ አይነካትም። ክፍያው ሲመጣ ትፈስካለች።»

አዳራሹ ሳቀ። እንግዶቹም ሳቁ። ከኋላ አንዱ «እንዳትከሳብህ!» አለ፤ ወንድሜ «ካንተ አትብስም!» ብሎ መለሰለት። ፊት ለፊት ተቀምጦ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው የመሬት ቢሮው ሰውም ሳቀ። ሲስቅ አይቼዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እቤታችን ከእናታችን ጋር የምናወራው በኦሮምኛ ነው። በኦሮምኛ ጦም «ሶማ» ነው፤ ትርጉሙም አንድ ብቻ ነው፤ ለእግዜር ብሎ መተው። በአማርኛ ግን ጦም ሁለት መንገድ አለው። ሰው ጦም ይይዛል፤ ያ ክብር ነው። መሬት ደግሞ ጦም ያድራል፤ ያ ነውር ነው፣ ባለቤቱ ሰነፍ ነው ማለት ነው። ወንድሜ ያለው «ይዛለች» ነው። ሰውየው በመዝገቡ ያሰፈረው «አድራለች» የሚለውን ነው። አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልነግራችሁም፤ አላውቅም። ጦም ላደረ መሬት ግን ሕግ አለ፤ ለሌላ ሥራ ይተላለፋል።

ዓመቱ አለፈ። ክፍያው «በሂደት ላይ» ነበር። ወንድሜ ሄዶ ይጠይቃል፣ በሂደት ላይ ነው ይሉታል፣ ይመለሳል። «ሂደት የሚባለው አገር የት ነው?» አለኝ አንድ ቀን፣ «በሱሉልታ ነው በቡራዩ የሚኬደው?»

ገና ካለፈ በኋላ ታመመ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጉበት ነው አሉን። ሆስፒታል አስተኛነው። ጥምቀት ሰሞን ሞተ። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም። አልችልም።

የመሬት ቢሮው ሰው ለቅሶ መጣ። ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ፣ ንፍሮ ዘገነ፣ እናቴን በሁለት እጁ ይዞ «ጎበዝ ገበሬ ነበር፤ እግዜር ያጽናሽ» አላት። ጎበዝ ገበሬ። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።

አርባው እንዳለፈ የወንዝ ዳሯ ላይ ችካል ተተክሎ አገኘሁ። ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል። አኻያዎቹ መሃል ላይ። ሦስት ልጆች በጆንያ ፕላስቲክ ተሸክመው መጥተው ሣሩ ላይ ይገለብጣሉ። አንደኛው የክፍል ጓደኛዬ የነበረ ነው።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አልኩ።

«ብሮ፣ ይቅርታ» አለ፣ ጆንያውን መሬት አስቀምጦ። «ለማኅበሩ ማጠራቀሚያ ተብሎ የተሰጠን ነው። የማንም አይደለም ነው ያሉን።»

«የወንድሜ ናት።»

«እሱን እኛ አላወቅንም። ሙት።»

አመንኩት። ሥራ የሌለው ልጅ ነው፣ ሂድ ያሉት ቦታ ሄዷል። ልጁን ብመታው ምን አገኛለሁ? ቀጥታ ወደ ቢሮ ሄድኩ።

የመሬት ቢሮው ሰው ሻይ እየጠጣ ነበር። «አካም ጂርታ፣ ና ተቀመጥ፣ እናትህ እንዴት ናት?» አለኝ። አልተቀመጥኩም።

«መሬታችንን ለምን ሰጣችሁ?»

«ጦም ያደረ መሬት ነዋ። አልታረሰም፣ አልተዘራም።»

«አትረሱ ብላችሁ እኮ ነው!»

«እኔ አላልኩም። አትረሱ ያለው አካባቢ ጥበቃ ነው። ደግሞ ወንድምህ ራሱ ተነሥቶ ተናግሯል። በሰው ፊት። ጦም ናት ብሏል።»

«ጦም ይዛለች ነው ያለው።»

«እና? ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ልዩነቱን ላስረዳው ፈለግሁ። ይህን ሁሉ አሁን የጻፍኩትን። አፌ ተሳሰረ። «ቀልድ ነበር» ብቻ አልኩ። «አንተም ስቀሃል።»

«ቃለ ጉባኤ ሳቅ አይጽፍም ወንድሜ» አለኝ። ሻዩን ጠጣ።

ወጥቼ አጠገቡ ያለውን በር አንኳኳሁ። የአካባቢ ጥበቃ ቢሮው እዚያው ኮሪደር ላይ ነው፤ መሃላቸው አንድ ኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው ያለው። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ማለት ይችላል። ባለሙያዋ ስታየኝ ተነሣች። «እግዜር ያጽናችሁ» አለች። አፍራለች።

«ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ተናግሬያለሁም። በእኛ በኩል የተጠበቀ የወንዝ ዳርቻ ነው።»

«በነሱስ በኩል?»

«በነሱ በኩል ጦም ያደረ ነው።»

«አንድ መሬት እኮ ናት!»

«ሁለት ቢሮ ነው» አለች።

ይህን ስትል ክፋት አልነበራትም። እንዲያውም ዓይኗ እርጥብ ነበር። እሱ ነው የበለጠ ያናደደኝ። ክፉ ሰው ብትሆን ተሳድቤ እወጣ ነበር። ጥሩ ሰው ሆና፣ እውነቱን እያወቀች፣ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጣለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ኮሚቴ መጥቶ መሬቷን ያያል። ታርሳ ካገኛት ለምታለች ይባላል፣ ለእኛ ትመለሳለች። ካልታረሰች ለዘለዓለም የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ትሆናለች። «እኔ እረስ አልልህም» አለች፣ «ማለት አልችልም። ግን ይኸው ነው።»

እቤት መጥቼ ለእናቴ ነገርኳት። የወንድሜን ሣር እንዴት እገለብጣለሁ አልኳት። ያ ሣር እጁ ነው። እያንዳንዷን አኻያ የሰካት እሱ ነው። በኦሮምኛ መለሰችልኝ፤ ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ «ልጄ ማለት ያ ሣር አይደለም። ሣር ይበቅላል። መሬት ከሄደ አይበቅልም። እረስ።»

ሽማግሌው ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። በሬያቸውን ልለምን ነው። እንዴት እንደምጀምር ቸግሮኝ «አባባ፣ መቀናጆው የነበረው ከሱ ጋር ነው፤ እሱ የለም፤ እርስዎ ካልፈለጉ...» አልኩ።

«ምን ትቀባጥራለህ?» አሉኝ። «የተቀናጀው በሬው ነው። በሬው ሞተ?»

«አልሞተም።»

«እንግዲያው ሂድ አምጣው። መቀናጆ በሰው ሞት አይፈርስም።» ከዚያ ምራቃቸውን ጢቅ አደረጉ። «እኔን እረስ እያሉ ሲቀጡኝ ኖሩ። እሱን ደግሞ አትረስ ብለው ሲያበቁ አላረስክም ብለው ቀጡት። ወይ ዘንድሮ!»

የበልግ ዝናብ ትንሽ ጥሎ ነበር። ጠመድን። ላይኛውን ማሳ እያረስን ወረድን። እርፉን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እንደ እሱ ቀጥ አድርጌ አልይዝም። የዝሆኔ ሣሩ መጀመሪያ ጋ ስንደርስ የወንድሜ በሬ ቆመ። ቆሞም አልቀረም፣ ዞረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሜ እዚያ ጋ ሲደርስ ያዞረው ነበር። ለምዷል። የሽማግሌውን በሬ እየጎተተ ወደ ላይ ፊቱን መለሰ።

መለስነው። እንደገና ዞረ።

«ምታው» አሉኝ ሽማግሌው።

«አልመታውም።»

«ምታው ልጄ። ምን ታደርገዋለህ።»

መታሁት። ወንድሜ ያንን በሬ በጅራፍ ሲነካው አይቼ አላውቅም፤ ያፏጭለት ነበር። ሦስተኛው ላይ ሣሩ ውስጥ ገባ። ሥሩ ጠንክሮ ማረሻውን ያዘው። እየነቀነቅሁ፣ እየረገምኩ፣ እያለቀስኩ ገመስኳት። አኻያዎቹን በመጥረቢያ ቆረጥኳቸው። እስከ ውሃው አፍ።

ኮሚቴው መጣ። የመሬት ቢሮው ሰው ፊት ፊት እየሄደ ነበር። ጥቁሩን አፈር አይቶ እጁን አጨበጨበ። «እንዲህ ነው እንጂ! አሁን ለማ። ወንድምህ ያላደረገውን አንተ አደረግህ» አለኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጅራፉ እጄ ላይ ነበር። ሽማግሌው እጄን ያዙት። ይኸው ነው፤ እጄን ባይዙት ምን እንደማደርግ አላውቅም። ችካሉ ተነቀለ። ልጆቹ ፕላስቲካቸውን ለቅመው መንገድ ዳር አከማቹት፤ ነፋስ ሲነሣ ተመልሶ ወንዝ ይገባል።

ሳምንት ሳይሞላ ጠንካራ ዝናብ ጣለ። ልዋጩ መጣ። ከወንዝ ዳሯ ላይ አፈሩን ገምሶ ወሰደ፤ በምትኩ ፌስታል ሰጠን። የሚይዘው ሣር አልነበረም።

ከዚያ፣ ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ሲል፣ ባለሙያዋ መጣች። በእግሯ ወርዳ። ስልኳን ይዛ ነበር። ክፍያው ተፈቅዷል፣ የሣሩ ፎቶ ብቻ ነው የቀረው ብሎ ቢሮዋ ልኳታል። ማሳው ጫፍ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየች። ፎቶ አላነሣችም። የወንድሜን ቀልድ ያስታወሰች መሰለኝ፤ ለማጽናናት ይሆናል፣ ቀስ ብላ፣ «ፈሰከች ማለት ነው?» አለችኝ።

ያን ቀን አፌ አልተሳሰረም።

«አይደለም እህቴ» አልኳት። «የሚፈስክ ሰው ጊዜው ደርሶ ነው የሚፈስከው። ፋሲካ ገና ነው። እሷ ገደፈች። እናንተ ናችሁ ያስገደፋችኋት።»

አንገቷን ደፋች።

«ስትጽፊው እንዲህ ብለሽ ጻፊው» አልኳት። «ጦም ይዛ ነበር። በሰው እጅ ገደፈች። አደረች ብለሽ እንዳትጽፊ።»